ዳማው መሰርሰሪያ

ዳንግላ፣ መጋቢት 12 ቀን 1956 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለእታለማሁ፤ አስመራ።

ልጄ፣ ከሄድሽ ስድስት ዓመት ቢሆንሽም ስምሽ ከቤታችን ወጥቶ አያውቅም። ያለሽበት አገር ታቦት ይጠብቅሽ፤ በሰው ፊት ሞገስ ይስጥሽ። እኛ ከአንዲት ላም መንጠፍ በቀር የጎደለብን የለም። አክስትሽ እህተማርያም ጉንጭሽን ስማለች። ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልኝ መሪጌታ ውቤ ነው። ዓይኔ ደከም ስላለብኝ ነው እንጂ ሌላ ነገር የለም።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ግምጃ ቤት ከተማ ላይ አዲስ ትምህርት ቤት እየተሠራ ነው፤ ለመስከረም ይከፈታል። የስልሳ ረጅም የተማሪ ወንበር ሥራ ለእኔ ተሰጥቷል። እስከ ጳጉሜን ካላስረከብሁ ሥራው ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል፤ እንዲያ ከሆነ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ ከእንግዲህ ሌላ ሥራ አምኖ የሚሰጠኝ አይኖርም፤ መጋዜን ሰቅዬ እሳት ዳር መቀመጥ ነው።

እንደምታውቂው የብረት ሚስማር አልወድም። እንጨቱን ይወጋዋል እንጂ አይዘውም፤ ልጆች ሦስት ወር ከነቀነቁት ይወላልቃል። እኔ የማጋጥመው ከወይራ በጠረብሁት የእንጨት ሚስማር ነው። ለዚህ አንዱ ወንበር አሥራ ሁለት ቀዳዳ ይፈልጋል፤ ስልሳው ሰባት መቶ ሃያ ቀዳዳ መሆኑ ነው። በእጅ መሰርሰሪያ ልሠራው እችል ነበር፤ ጊዜው ነው ያጠረኝ። አብሮኝ የሚሠራው ሰው መጋዝ ላይ አይታማም፤ ቀዳዳ ሲበሳ ግን ያንጋድዳል።

ስለዚህ የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ ላኪልኝ። ኤሌክትሪክ ከየት አመጣህ ትይኝ ይሆናል። ባለወፍጮው አስማረ ዲናሞ አስመጥቶ ቤቱን በአምፑል አብርቷል፤ ሬዲዮም ያሰማናል። ከወፍጮ ቤቱ ጎን ዳስ ጥዬ እንድሠራ ፈቅዶልኛል። ዲናሞው ላይ 220 የሚል ቁጥር ተጽፏል ይላል መሪጌታ።

በጭነት መኪናው ሾፌር ሰማንያ ብር ልኬአለሁ። ከዚያ በላይ የለኝም። የሚያምረውን ሳይሆን የሚሠራውን ግዢ። መቼም አንቺ ከብረታ ብረት መደብር ሒሳብ ስትጽፊ ትውያለሽ እንጂ መሣሪያ የወንድ ነገር ነውና፣ እዚያ ያለ አዋቂ ሰው ጠይቂ።

አጎትሽ ቢሻው

ከጸሐፊው፦ እታለማሁ፣ አስመራ ውስጥ ፀሐይ የማያስለቅቀው ጥቁር ቀለም ይሸጣል ይባላል። ነገሩን ላንሣው ብዬ ነው እንጂ ለምኜ አይደለም። መሪጌታ ውቤ።


አስመራ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 1956 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለአያ ቢሻው፤ ዳንግላ።

አያ፣ አስቀድሜ ጉልበትዎን እስማለሁ። እቴ እህተማርያምን፣ ደጁን፣ ጓሮውን፣ የነጠፈችውን ላም ሳይቀር እንደምን ሰነበታችሁ ብያለሁ። እኔ ከዚህ ደረቅ ነፋስ በቀር የሚያስቸግረኝ የለም።

«አዋቂ ሰው ጠይቂ» ያሉኝን አንብቤ ብቻዬን ሳቅሁ። አያ፣ ሒሳብ መጻፍ ከተውሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ። አሁን ከባንኮኒው ጀርባ ቆሜ መሣሪያ የምሸጠው እኔ ነኝ፤ ተበላሽቶ ሲመለስም ፈትቼ ሆዱን የማየው እኔ ነኝ። «በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች» እንዳይሉኝ እንጂ፣ እጄ እንጨትና ብረት የለመደው በእርስዎ ደጅ ነው። ስለዚህ እንደ ፈረስ ገበያችን ወግ አድርጌ ልንገርዎ።

ሦስት መሰርሰሪያዎች ባንኮኒው ላይ ደረደርሁ። የመጀመሪያው አረንጓዴ ነው፤ ሁለት መቶ አሥር ብር። እሱ ሰንጋ ፈረስ ነው፤ አልዋሽም። ግን ሰማንያ ብር ይዞ እሱን ማየት አንገት ማሳመም ነው። ደግሞም አንድ ነገሩ ቢሰበር መለዋወጫው ባሕር ተሻግሮ እስኪመጣ ልጆቹ መሬት ላይ ተቀምጠው ተምረው ይጨርሳሉ።

ሁለተኛው ሰባ ስምንት ብር ነው። መስተዋት ይመስላል፤ ፊትዎን አይተው ጢምዎን ሊላጩበት ይችላሉ። የመደብሩ ጌታ፣ ጣሊያኑ ሲኞሩ፣ እሱን እንድልክልዎ ጎትጉቶኝ ነበር። እኔ ግን ሦስት ጊዜ ተመልሶ ሲመጣ ፈትቼዋለሁ። የውስጥ ጥርሱ እንደ አይብ ለስላሳ ነው። ሲያዩት ያምር ሲበሉት ያቅር የሚሉት እሱን ነው። ነጋዴ ለገበያ ቀን ቅቤ ቀብቶ የሚያወጣው ሽማግሌ ፈረስ ቢኖር ይኸው ነው።

ሦስተኛው ስልሳ አምስት ብር ነው። መልኩ እንደ ዳማ ፈረስ ቡናማ ነው፤ ቀለሙ የደበዘዘ፣ ስም የሌለው፣ ማንም ቀና ብሎ የማያየው። መጀመሪያ አፍንጫውን ይዤ ነቀነቅሁት፤ አይላወስም። ኤሌክትሪክ ሳልሰጠው በጣቴ አዞርሁት፤ ጥርሶቹ ሳይንቋቁ ተያያዙ። ከዚያ አስነሥቼው አባታችን ሆይ ሰባት ጊዜ እስክደግም ድረስ አስሮጥሁትና ሆዱን ዳሰስሁት፤ ሞቀ እንጂ አላቃጠለም፤ ሽታም የለው። ገመዱ ወፍራም ነው። ውስጡ ያለችው ካርቦን የምትባለው ቁራጭ ስታልቅ ከውጭ ብሎን ፈትቶ መተካት ይቻላል። ሁለት ትርፍ ካርቦንና አራት ፑንታ፣ ማለት እንጨቱን የሚበሳውን ብረት፣ ጨምሬ ገዛሁ፤ ሰማንያው በልክ አለቀ። ከሾፌሩ ጋር በገለባ ጠቅልዬ ሰድጄዋለሁ።

አያ፣ ዓይኔ ደከመ ያሉኝን አላመንሁም። የመሪጌታ ጽሕፈት ያምራል፤ እኔ ግን ወደ ቀኝ የምታዘነብለው የእርስዎ «ለ» ናፈቀችኝ።

ልጅዎ እታለማሁ

ለመሪጌታ፦ ስለ ቀለሙ ሰምቻለሁ። ሾፌሩ ቸኩሎ ስለነበር ሳልገዛ ቀረሁ እንጂ አልረሳሁም።


ዳንግላ፣ ግንቦት 17 ቀን 1956 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለማሁ።

ሰላምታችን ይድረስሽ። ጤና ነን፤ ዝናቡም ጀምሯል። የላክሽው ዕቃ ሳይሰበር ደርሷል። ስለ ድካምሽ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

የቀረውን ሳልደብቅ ልንገርሽ። ዕቃውን ብቻዬን ልመዝነው አልወደድሁም። የአክስትሽን ወንድም ሽባባውን ታውቂዋለሽ፤ ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ ፈረስ ሊገዛ የሚወጣ ሰው እሱን ሳይዝ አይወጣም። የጨበጠውን ዱላ ሳይለቅ ከቆየ ፈረሱ ይገዛል፤ ዱላውን መሬት ላይ ከጣለው ፈረሱ ወደቀ። እሱን ከእንጅባራ አስጠራሁት።

ሽባባው መሰርሰሪያሽን ግራና ቀኝ አገላበጠው። «ዳማ ነው፤ ዳማ አይጠላም» አለ። ጎኑን መታ መታ አደረገው፤ ገመዱን እንደ ጭራ ጎተተው። አሁኑኑ እንሞክረው ስለው እጁን አወራጨ። «በጭር ሜዳማ ሁሉም ፈረስ ነው። ፈረስ የሚታወቀው በገበያ ቀን፣ በአቀበት፣ ጭነት ተሸክሞ ነው። ቅዳሜ ይሁን» አለ። እውነቱን ነው ብለን ቅዳሜን ጠበቅን።

ቅዳሜ ዳንግላ ሁሉ ወፍጮ ቤቱ ደጅ ፈሰሰ ብል ማጋነን አይሆንም። የወፍጮው ጩኸት የሰው ቃል አላሰማ ብሎ በእጅ ነበር የምንነጋገር። ሽባባው ከወይራ ሁሉ የጠነከረውን ግንድ አስመርጦ አስመጣና «ሜዳውም ይኸው፤ ፈረሱም ይኸው!» ብሎ ጮኸ።

ልጄ፣ ምን ልበልሽ? ዳማሽ አቃሰተ። ሁለት ዙር ይዞርና ያርፋል፤ ስጫነው ይቆማል። ቆይቶ ጨርቅ እንደሚቃጠል ሸተተ። አንዷ ሴትዮ «ኧረ አጃ አብሉት!» አለች፤ ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ሽባባው በአገውኛ አንድ ነገር አጉረምርሞ ዱላውን ጣለ። አሁን የዳንግላ ሰው የከሳ ፈረስ ባየ ቁጥር «የአስመራው ዳማ» ማለት ጀምሯል።

አንቺን አልወቅስም። ሴት ልጅ ተሞኘች ብዬ ሲኞሩን ነው የምወቅስ። ዕቃው ሳጥን ውስጥ ገብቷል። እኔ በእጄ እቀጥላለሁ።

አጎትሽ ቢሻው

ከጸሐፊው፦ እኔ አልሳቅሁም። ጥቂት ነው የሳቅሁ። ውቤ።


አስመራ፣ ሰኔ 18 ቀን 1956 ዓ.ም.

ይድረስ ለአያ ቢሻው።

የክረምቱ ብርድ አያግኝዎ፤ የቤታችሁ ጣሪያ አያፍስስ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ትናንት ነው። አንብቤ እራት ሳልበላ አደርሁ። ሳቁ አይደለም ያስከፋኝ፤ «ሴት ልጅ ተሞኘች» ያሉት ነው። አያ፣ አልተሞኘሁም። ደግሜ ደጋግሜ አነበብሁትና እውነቱን ራስዎ ጽፈውልኝ አገኘሁት፤ «የወፍጮው ጩኸት የሰው ቃል አላሰማ አለ» ብለዋል።

የአስማረን ዲናሞ የሚያዞረው ያው ወፍጮውን የሚያዞረው ሞተር ነው አይደል? ቅዳሜ የአገሩ በቆሎ ሁሉ ወፍጮው ላይ ወድቆ ሞተሩ ጉልበቱን እዚያ ሲጨርስ፣ ለዲናሞው የሚተርፈው እንጥፍጣፊ ነው። አምፑሉን አላያችሁትም እንጂ እንደ ፍም ቀልቶ ይሆናል። መሰርሰሪያው ኤሌክትሪክ ካነሰው ይቆማል፤ ቆሞ ሲጫኑት ደግሞ ይቃጠላል።

አያ ሽባባው ፈረስ አዋቂ ናቸው፤ በዚያ ላይ ቃል የለኝም። ግን ፈረስን አቀበት የሚያወጡት መጀመሪያ አብልተው ነው። የኔን ዳማ ሦስት ቀን አስርባችሁ፣ ጭነት ጭናችሁ፣ አቀበት አውጥታችሁ፣ ሰነፍ ነው ብላችሁ ዱላ ጣላችሁበት። አጃ አብሉት ያለችው ሴትዮ ከሁላችሁም በልጣለች፤ ሰላም በሉልኝ።

ጥፋቱ የእኔም ነው። እዚህ ኤሌክትሪክ ከግድግዳ ስለሚወጣ ይህን አስቀድሜ ሳላስጠነቅቅዎ ቀረሁ። አሁንም ወፍጮው ሳይፈጭ፣ ሞተሩ ዲናሞውን ብቻ ይዞ ሲዞር ይሞክሩት። ያን ጊዜም ካቃሰተ ስልሳ አምስት ብሩን ከደመወዜ እመልሳለሁ፤ መሣሪያ መሸጥም እተዋለሁ።

ልጅዎ እታለማሁ


ዳንግላ፣ ሐምሌ 2 ቀን 1956 ዓ.ም.

ለእታለም፣ ለዓይኔ ብርሃን።

ቀኑ ይባረክልሽ፤ እንዲያው ከሐሳብ ይሰውርሽ። አክስትሽ እህተማርያም ነኝ። መሪጌታን ለብቻው ጠርቼ ነው ይህን የማጽፈው። አጎትሽ ቢያውቅ ከቤት ያስወጣናል፤ እኔን ከሠላሳ ዓመት ቤቴ፣ መሪጌታን ከምሳው።

ለግንቦቱ ደብዳቤ መልስ ሳትልኪ ስለቀረሽ አኩርፈሽ ነው ብለናል። ወይም ዝናቡ መኪና አስቁሞ ይሆናል። ብታኮርፊም እውነት አለሽ። እኔ ግን መጠበቅ አልቻልሁም።

ልጄ፣ የአጎትሽ ዓይን ደኅና ነው። ከደጃፍ ቆሞ ገበያ ላይ ያለ ሰው ይለያል። የደከመው ቀኝ ትከሻው ነው። ከጥቅምት ጀምሮ እጁን ከደረቱ በላይ አያነሣም። የእጅ መሰርሰሪያውን ሁለት ዙር ካዞረ ፊቱ ይገረጣል። እንጀራ የሚቆርሰው በግራው ነው፤ ፊርማውን ሳይቀር መሪጌታ ነው የሚፈርምለት። ለዚህ ነበር የኤሌክትሪኩን የለመነሽ። ለሰው አትንገሩ ብሎ አስምሎናል፤ «አናጢ ትከሻው ወደቀ ከተባለ ስሙም ወደቀ» ይላል።

የስልሳው ወንበር ሳንቃ በረዳቱ እጅ ተልጎ፣ ተለክቶ፣ ዳሱ ውስጥ ተቆልሏል። ያልተሠራው ቀዳዳው ብቻ ነው። በእጁ አሥራ ዘጠኝ ቀዳዳ ሠርቶ አቆመ። ከገብርኤል ማግስት፣ ሐምሌ ሃያ ሰኞ፣ ግምጃ ቤት ሄዶ ሥራውን ሊመልስ ቆርጧል። ዛሬ መጋዙን ቅባት ቀብቶ በጨርቅ ሲጠቀልለው አየሁትና ወደ ጓሮ ወጥቼ አለቀስሁ።

የምታውቂው መላ ካለ ፍጠኚልን።

አክስትሽ እህተማርያም

ከጸሐፊው፦ ዛሬ ስለ ቀለም አላነሣም። ውቤ።


ቴሌግራም። ከአስመራ። ሐምሌ 17 ቀን 1956 ዓ.ም.

ቢሻው ዳንግላ። ዳማው ደኅና ነው፤ ርቦት ነው። ወፍጮው ቆሞ ሞክሩት። ሥራውን አይመልሱ። ደብዳቤ መንገድ ላይ ነው። እታለማሁ።


ዳንግላ፣ ነሐሴ 12 ቀን 1956 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለእታለማሁ፤ በደስታ።

ጾሙን ያስፈጽምሽ፤ ክረምቱን በብርሃን ያሻግርሽ። ደስ ያለው ሰው ደብዳቤ ከየት እንደሚጀመር ይጠፋዋል፤ ስለዚህ ከቴሌግራሙ ልጀምር።

ቴሌግራምሽ የደረሰ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ቴሌግራም ቤታችን ሲመጣ የመጀመሪያው ነበርና አክስትሽ መርዶ መስሏት ነጠላዋን ልታዘቀዝቅ ነበር። መሪጌታ አነበበው። «ሥራውን አይመልሱ» ሲል ቀና አልሁ። ይህን ማን ነገራት? እህተማርያምን አየኋት። እህተማርያም መሪጌታን አየችው። መሪጌታ ጣሪያውን አየ። ነገሩ ገባኝ። ልቆጣ አስቤ ነበር፤ ግን አክስትሽ «ቁጣህን ለማክሰኞ አቆየው» ብላ አፌን ዘጋችው።

የሰኔው ደብዳቤሽም በዚያው ቀን ማታ መጣ። መኪናው ጭቃ ይዞት ዐሥራ አምስት ቀን ቆሞ ነበር አሉ። ያስራባችሁት ፈረስ ያልሽውን ለሽባባው አስነበብሁት፤ እሱ ለበዓሉ እኛ ቤት ነበር። ሽባባው ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋደመና «እውነት ከሆነ ዘንድሮ እኔ ያልበላ ፈረስ ነው የጣልሁ» አለ።

አሁን ችግሩን ተመልከቺ። ሰኞ ግምጃ ቤት እሄዳለሁ። መሞከሪያ የቀረን እሑድ ብቻ ነው። እሑድ ወፍጮው ይቆማል፤ አስማረ ለሬዲዮው ብሎ ሞተሩን ያስነሣል። ግን እሑድ ነው፤ በዚያ ላይ ገብርኤል ነው። በበዓል መጋዝ አንሥቼ አላውቅም፤ በስተርጅና አልጀምርም። ሁላችን ስንጨነቅ መሪጌታ ውቤ ጉሮሮውን ጠራረገና «በበዓል ቀን ፈረስ አይጫንም። ግን ይጋለባል። አያቶቻችንም ጋልበዋል። ለወንበሩ ሳንቃ ካልነካችሁ፣ ለማገዶ በወደቀ ግንድ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ይህ ሥራ አይደለም፤ ግልቢያ ነው» አለ። ልጄ፣ ለዚህ ሰው ቀለሙን ልትልኪለት ይገባል።

ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ነጭ እንደለበሰ ወፍጮ ቤቱ መጣ። ያ የወይራ ግንድ ደጁ ላይ ወድቆ ነበር። አስማረ ሞተሩን አስነሣ። አምፑሉ ፏ አለ። ዳማውን ከሳጥኑ አወጣሁት፤ በግራ እጄ ያዝሁ፤ በደረቴ ደገፍ አደረግሁት፤ ጣቴን ጫንሁ።

ዘፈነ። ሌላ ቃል የለኝም። እንደ ንብ ቀፎ እምም እያለ ወይራው ውስጥ ገባ፤ ነጩ ብናኝ እግሬ ላይ ፈሰሰ፤ አንድ ዳዊት ሳይደገም በወዲያ በኩል ወጣ። ቀዳዳው ቀጥ ያለ ነው። ሽባባው ዓይኑን ቀዳዳው ላይ አድርጎ በወዲያ ያለችውን እህተማርያምን አየና «እህቴን አየኋት!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ሰባት ሰዎች ተራ በተራ እንሞክረው ብለው ጠየቁ፤ እኔም ፈቀድሁ። ሆዱን ዳሰስሁ፤ እንዳልሽው ሞቀ እንጂ አላቃጠለም።

ሽባባው በሚቀጥለው ቅዳሜ ገበያ መሐል ቆሞ ዱላውን መሬት ላይ ጣለው። ሰው ከበበው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ራሱ አነሣው። «ፈረስ ከጣልሁ በኋላ መልሼ ያነሣሁት ዛሬ ነው። የእታለማሁ ዳማ ደኅና ነው፤ ያላበላነው እኛ ነን» አለ። ይህን ሲል ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ኋላ ግን ቁንዶ በርበሬ ነው ብሎ ካደ።

ሰኞ ግምጃ ቤት አልሄድሁም። ግን በሥራ ቀን ወፍጮው እህል ይዞ ይውላል፤ ምን ይሻላል? መላውን ያመጡት እህል ይዘው የሚሰለፉት ሴቶች ናቸው። ያቺ አጃ አብሉት ያለችው ሴትዮ፣ ሸጋ ትባላለች፣ ቁናዋን መሬት ላይ ገልብጣ ተቀመጠችበትና «ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው የማን ልጅ ነው? ከአንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ዳማው ይብላ፤ ከሦስት በኋላ ወፍጮው ይብላ» አለች። አስማረ እሺ ከማለት በቀር ምን ምርጫ አለው! ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሴቶቹ ሳንቃ ይይዙልኛል፤ አንዷ ትቆጥራለች፤ አንዷ ብናኙን ትጠርጋለች። በየቀኑ አርባ ቀዳዳ እናወጣለን። ዛሬ አራት መቶ ሰማንያ ሞላ፤ አርባ ወንበር ቆሟል።

አንድ የምናዘዝልሽ ነገር አለኝ፤ መቼም ሰምተሻል። ዓይኔ ሳይሆን ትከሻዬ ነበር። አሁን የእጅ መሰርሰሪያ ካቆምሁ ወዲህ ሕመሙ እየለቀቀኝ ነው። ወጌሻው ጠዋት ማታ በሞቀ ቅቤ ያሸኛል፤ ትናንት በቀኜ ቆርሼ በላሁ።

አጎትሽ ቢሻው


አስመራ፣ ነሐሴ 30 ቀን 1956 ዓ.ም.

ይድረስ ለአያ ቢሻው፣ ለእቴ እህተማርያም፣ ለአያ ሽባባው፣ ለመሪጌታ፣ ወንበሩን ለያዙትም ሴቶች ሁሉ።

አዲሱ ዘመን እንደ እርጥብ ቄጠማ ይለምልምላችሁ። ደብዳቤውን መደብሩ ውስጥ ቆሜ አነበብሁ፤ «እህቴን አየኋት» ያሉት ላይ ስደርስ እየሳቅሁ አለቀስሁ። ሲኞሩ ሰው የሞተብኝ መስሎት ውሃ አመጣልኝ። ተረጎምሁለት። ባንኮኒውን በእጁ መታና ያንን መስተዋት የሚመስለውን መሰርሰሪያ ከመደርደሪያው አውርዶ ጓዳ አስገባው። ከእንግዲህ ዕቃ ሲያስመጣም ቀድሜ ፈትቼ ካላየሁት አይገዛም።

በዚህ ሾፌር አራት ካርቦንና ሁለት ፑንታ ልኬአለሁ። ካርቦኑ ግማሹ ካለቀ ይቀይሩት፤ እስኪያልቅ አይጠብቁ። ለሸጋ አንድ ሻሽ አለ። የመሪጌታ ቀለምም አለ፤ ሁለት ጠርሙስ ነው፣ አንዱ ለቀለሙ፣ አንዱ ለፍርዱ።

ለራሴ አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። ማርና ቅቤ አልፈልግም። ትከሻዎ ሲድን፣ ቸኩለው ሳይጎዱት፣ ሁለት መስመር በራስዎ እጅ ይጻፉልኝ። ያን ጊዜ መዳንዎን አምናለሁ።

ልጅዎ እታለማሁ


ዳንግላ፣ መስከረም 18 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለልጄ ለእታለማሁ።

ይህ የራሴ እጅ ነው። «ለ»ዋን እያት፤ እንደ ድሮው አዘንብላለች። ብርዕ ከያዝሁ ዓመት ስለሞላኝ አንዱን መስመር ጽፌ አርፋለሁ፤ ይህች ደብዳቤ ሦስት ቀን ፈጅታለች። መሪጌታ አጠገቤ ቁጭ ብሎ በአዲሱ ቀለሙ እየተኩራራ ፊደሌን ያርማል። ሥራ አስፈታኸኝ ብሎ ያኮርፋል፤ ግን ምሳ ሲቀርብ ኩርፊያው ይለቀዋል።

ስልሳው ወንበር ጳጉሜን ሦስት ቀን ግምጃ ቤት ገብቷል። በሽባባው ምክር በፈረስ ጋሪ ነው የወሰድነው፤ ከፊት ለፊት ዳማውን በሳጥኑ አስቀምጦ እሱ ራሱ ነዳው። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ሄጄ አየሁ። ልጆቹ ሦስት ሦስት ሆነው ተቀመጡ፤ እንደ ልጅ ወጉ ነቀነቁት፤ አንድም አልተንቋቋ። የሚቀጥለውን ትምህርት ቤት ወንበርም ለእኔ ሰጥተዋል። መጋዙን ከጨርቁ ፈታሁት።

አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጥቷል። አስማረ አዲስ ዲናሞ ሊገዛ ነው፤ እታለማሁ የትኛውን ትላለች ብለህ ጠይቅልኝ ይለኛል። ሸጋ የልብስ ስፌት መኪና ፈልጋለች፤ ያልተቀባውን ምረጪልኝ ብላለች። ሽባባው ትናንት አንዲት ቀላ ያለች መጋላ ባዝራ ሊገዛ አስቦ ጥርሷን፣ ኮቴዋን፣ ወገቧን አይቶ ከጨረሰ በኋላ ዱላውን እንደ ጨበጠ ቆመና «መልኳን ጽፈህ ለእታለማሁ ላክላት» አለኝ። ፈረስ በደብዳቤ አይታይም ስለው «መሰርሰሪያ አይታ የለም?» ብሎ ተቆጣኝ። ባዝራዋ አምስት ዓመቷ ነው፤ የኋላ ግራ እግሯ ነጭ ነው፤ አጃ በደንብ ትበላለች። እንግዲህ ፍርድሽን ላኪ።

እጄ ደከመ፤ ላብቃ። በመጀመሪያው ደብዳቤዬ «አዋቂ ሰው ጠይቂ» ብዬሽ ነበር። ያንን በሰው እጅ ነበር ያስጻፍሁት። ይህን ግን ማንም እንዲጽፍልኝ አልፈቀድሁም፤ ስለዚህ ነው እስኪሻለኝ የጠበቅሁት። አዋቂዋ አንቺ ነሽ።

አጎትሽ ቢሻው